አየር ላይ እንዳታውቅ

ሦስት የቆዳ ጃኬት ደራርቦ የለበሰ ሰው ያየሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጋሽ ዋሲሁን ይባላል። ቦታው ቻይና፣ የጓንዡ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወሩ ነሐሴ፣ ሙቀቱ ሰው የሚቀቅል። ላቡ ከአንገቱ ወደ ደረቱ እየወረደ፣ "ትንሽ ብርድ ብርድ ይለኛል" እያለ ከሻንጣ መመዘኛው ፊት ቆሟል። ሻንጣው ከተፈቀደለት ኪሎ ስላለፈ ጃኬቶቹን አውጥቶ ለብሷቸው ነው። ኪሶቹ ውስጥ ደግሞ የልጆች ጫማ ጠቅጥቋል፤ በግራ ኪሱ የግራውን፣ በቀኝ ኪሱ የቀኙን። ሐዋሳ መሃል ከተማ ላይ የጫማ ሱቅ ያለው፣ "እኔ እኮ ቻይናን እንደ ሻሸመኔ ነው የምመላለስባት" እያለ የሚጎርር ነጋዴ ነው። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሌባ ነው ብዬ ወሰንኩ።

እዚያ የተገኘነው በአባቴ ምክንያት ነው። አባቴ ጉልላት ሐዋሳ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነው፤ ያኔ ለዶክትሬቱ ጓንዡ ይማር ነበር። እኔና እናቴ ሙሉመቤት ክረምቱን ከሱ ጋር ልናሳልፍ ሄድን። መስከረም እስኪጠባ እንቆያለን ተብሎ ነበር። አንድ ቀን ግን አባቴ ከትምህርት ቤት መጥቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ቪዛችሁ አይታደስም ተባለ፣ በዚህ ሳምንት መሄድ አለባችሁ አለ።

"ትናንት ይታደሳል አላልከኝም?" አለችው እናቴ።

"ትናንት ነዋ። ዛሬ አይታደስም አሉ።"

ከዚያ ሻንጣችንን ራሱ ማሰናዳት ጀመረ። የራሱን ካልሲ አጣጥፎ የማያውቅ ሰው የእናቴን ነጠላ ሳይቀር አጣጥፎ ከተተ። እናቴ በሩ ላይ ተደግፋ አየችውና፣ "ሌላ ልታመጣ ነው እንዴ? እንዲህ ቶሎ የምታባርረን" አለችው። ቀልድ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። እኔ እውነት መስሎኝ ያን ዕለት ማታ አልስመውም ብዬ አኮረፍኩት።

ያን ክረምት ሙሉ እናቴ ሐዋሳ እየደወለች አባቷን ስታፈላልግ ነው የከረመችው። አያቴ አቶ ሽፈራው ጡረተኛ ናቸው፤ ከእናቴ ታላቅ እህት ከእህተማርያም ጋር ይኖሩ ነበር። ስልኩን ሁልጊዜ የምታነሳው እህተማርያም ናት። አባባ አንድ ቀን ተኝተዋል፣ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፣ አንድ ቀን ጠበል ወርደዋል። "የዘንድሮ እንቅልፉስ በዛ" ትላለች እናቴ ስልኩን ዘግታ። ዛሬ እንደማውቀው አያቴ ከሐምሌ ጀምሮ ከአልጋ አልተነሱም። ሐኪም ቤት ገብተው፣ ወጥተው፣ ቤታቸው እንዲያርፉ ተብለው ተመልሰዋል። ይህን አባቴ ያውቅ ነበር፣ ዋሲሁን ያውቅ ነበር፣ የሠፈሩ ባለሱቅ ሳይቀር ያውቅ ነበር። "ትረበሻለች" ተብሎ ያልተነገራት የገዛ ልጃቸው ብቻ ናት። አድጌ አባቴን ለምን ብዬ ስጠይቀው "ለእሷ ብዬ ነው" አለኝ። ዶክተር ሆኖም መልሱ ይኸው ነው። በአገራችን ሰውን በቁሙ የሚዘርፉት ሁሉ ለእሱው ብለው ነው።

እንግዲህ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ፣ እናቴ ወረፋ ይዛ ሳለች፣ አባቴ አብሮን የሚጓዘውን ዋሲሁንን በእጁ ስቦ ወደ ጋሪዎቹ ጀርባ ወሰደው። እኔ ሻንጣ ተደግፌ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ብስኩት እበላለሁ። ትልልቅ ሰዎች ልጅ ጆሮ የለውም ብለው ያምናሉ።

"ድንኳኑ አልተነሳም አይደል?" አለ አባቴ።

"እሷ ሳትመጣ ማን ያነሳዋል? ዕድሩም ፈቅዷል። ዘመዱ ከየአገሩ ተሰብስቦ እሷን ነው የሚጠብቀው።"

"ዋሲሁን፣ አየር ላይ እንዳታውቅ አደራ። እዚያ ላይ ሆና ብታውቅ መውረድ የለ፣ መሄጃ የለ።"

"ምን በወጣኝ! አፌን እሰፋዋለሁ።"

"ሐዋሳ ትግባ፣ አንተ ቤት ትረፍ። በነጋታው ሽማግሌዎቹ በወጉ ይነግሯታል።"

አባቴ ይህን ብሎ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። እኔ ልንለየው ስለሆነ ሆድ ብሶት ነው ብዬ ኩርፊያዬን ተውኩለት።

ድንኳን የሚለውን ቃል ስሰማ ግን ልቤ ዘለለ። የሠፈራችን ዕድር ያለችው ድንኳን አንድ ናት። ሰው ሲሞት ትተከላለች፤ ሰው ካልሞተ ደግሞ ሥራ እንዳትፈታ ለሠርግ ትከራያለች። እኔን ለቅሶ ቤት ወስዶኝ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ልጅ ነሽ ተብዬ። ያቺን ድንኳን የማውቃት በሠርግ ነው። ባለፈው ጥር ለጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ነጭ ቀሚስ ለብሼ አበባ የያዝኩት እሷው ውስጥ ነበር። ስለዚህ ድንኳን ተተክሎ፣ ዘመድ ከየአገሩ ተሰብስቦ፣ ሰው ሁሉ እናቴን ሲጠብቅ ነገሩ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ድግስ ነው። ከቻይና ስለምትመለስ ድግስ ደግሰውላታል፣ ድንገት አስደስተዋት ሊያስለቅሷት ነው። አባቴ በዓለም ላይ ከሁሉ የሚበልጥ ባል መሰለኝ።

ዛሬ በሥራዬ ምክንያት ረጃጅም በረራ የምመላለስ ሰው ነኝ፤ የሐበሻ መንገደኛ ግን እንደዚያ ዕለቱ በዝቶ አይቼ አላውቅም። ግማሹ ቴሌቪዥን አቅፏል። አንዷ የሕፃን ጋሪ ይዛለች፤ ሕፃን የላትም፣ ጋሪው ውስጥ ያሉት መጋረጃዎች ናቸው። ሁሉም ቦታውን ትቶ የሌላ ሰው ቦታ ላይ ተቀምጦ ይከራከራል። ዋሲሁን አጠገባችን የተቀመጠውን ቻይናዊ ሽማግሌ በምልክትና በማስቲካ ለምኖ አስነሳውና ከነጃኬቶቹ ተዘረገፈበት። እኔ መስኮት ጋ፣ እናቴ መሃል፣ ዋሲሁን መተላለፊያው ጋ።

"ይህን ሰው ዘበኛ ያደረገው ማን ነው?" አለችኝ እናቴ በጆሮዬ።

እውነትም ዘበኛ ነበር። አውሮፕላኑ ተነስቶ ሰው ወዲያ ወዲህ ማለት ሲጀምር ባለ ሕፃን ጋሪዋ ሴትዮ በአጠገባችን ስታልፍ እናቴን አይታ ቆመች። ሐዋሳ የመጋረጃ ሱቅ ያላት ብርቅዬ ናት። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "ውይ ሙሉመቤት፣ እንግዲህ እግዜር—" ስትል ዋሲሁን ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሳና፣ "መጸዳጃው በዚህ በኩል ነው! በዚህ በኩል!" እያለ በትከሻዋ ገፍቶ እስከ አውሮፕላኑ ጭራ ድረስ ወሰዳት። ሴትዮዋ መጸዳጃ አልጠየቀችም። እናቴ ዞራ በዓይኗ ተከተለቻቸው። ከመጋረጃው አጠገብ ቆመው ሲንሾካሾኩ፣ ብርቅዬ አፏን በነጠላዋ ስትይዝ አየን።

"እግዜር ምን ልትል ነበር?" አለችው ሲመለስ።

"እግዜር ያገናኘን። አብረን መጓዛችን አስደስቷት ነው።"

እኔ በልቤ ሳቅሁ። ለካ ብርቅዬም የድግሱን ነገር ታውቃለች። እዚያ አውሮፕላን ላይ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቅ ይመስለኝ ጀመር። ማወቁስ ያውቅ ኖሯል።

ምግብ መጣ። ዋሲሁን የሱንና የቻይናዊውን በልቶ፣ የፕላስቲክ ማንኪያዎቹን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከትቶ፣ አፉን ከፍቶ አንቀላፋ። እናቴ ሩዟን ትነካካለች፤ ፊቷ ጠቁሯል። እንዲህ ሆና ማየት አልቻልኩም። ጆሮዋ ድረስ ተጠግቼ፣

"እማዬ፣ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ? ግን ለጋሽ ዋሲሁን አትናገሪም" አልኳት።

"አልናገርም።"

"ድንኳን ተክለውልሻል! ዘመድ ሁሉ ከየአገሩ መጥቷል። ሰው ሁሉ አንቺን ነው የሚጠብቀው!"

ማንኪያዋ ሳህኑ ላይ ቆመ። "ማን ነው ያለው?"

"አባዬና ጋሽ ዋሲሁን። አየር ላይ እንዳታውቅ ሲባባሉ ሰማኋቸው። ዕድሩም ፈቅዷል።"

"ዕድሩ ፈቅዷል አሉ?"

"አዎ። አንቺ ሳትመጪ ድንኳኑ አይነሳም።"

"አይነሳም" አለች። እኔ አጨብጭባ ታቅፈኛለች ብዬ ጠብቄያለሁ። እሷ ግን የምግቡን ክዳን አንስታ መልሳ ከደነችው። ጠርዙን በጣቷ ዙሪያውን አንድ በአንድ እየተጫነች ቀስ ብላ ዘጋችው። ከዚያ ቀበቶዋን ፈታች፣ የዋሲሁንን እግር ተሻግራ ወደ መጸዳጃው ሄደች።

ቆየች። በጣም ቆየች። በሩ ላይ ሰው ተሰለፈ፤ አንዱ አንኳኳ፤ አስተናጋጇ መጥታ ጆሮዋን በሩ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ውኃው ይለቀቃል፣ ያቆማል፣ ይለቀቃል። የአውሮፕላን መጸዳጃ ውኃ ሲለቀቅ ምን ያህል እንደሚጮኽ የገባ ሁሉ ያውቃል፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ሌላ ድምፅ አይሰማም። እኔ ምግቡ ሆዷን በጥብጧት ነው አልኩ። ሩዙን ባልበላሁት ብዬ ለራሴም ሰጋሁ። አገራችን ቢሆን ሰው ደረቱን እየደቃ፣ መሬት እየወደቀ፣ ጎረቤት ደግፎት ነው ለአባቱ የሚያለቅሰው። እናቴ አባቷን ያለቀሰችው ቆማ፣ አንድ እጇን ውኃ መልቀቂያው ላይ አድርጋ ነው።

ስትመለስ ፊቷ ታጥቧል፣ ፀጉሯም ተስተካክሏል። ግንባሬን ሳመችኝና፣ "የነገርሽኝን ለማንም እንዳትደግሚው፤ እኔም አልናገርም" አለችኝ። ጨዋታው አሁን የሁለታችን ሆነ ብዬ ደስ አለኝ። እሷ ዋሲሁንን በክንዷ ጎሰም አድርጋ ቀሰቀሰችው።

"ጋሽ ዋሲሁን፣ ከሐዋሳ ስትነሳ አባዬን አይተኸው ነበር?"

ዋሲሁን ዓይኑን አሸ። "ማንን? አቶ ሽፈራውን? አይቻቸዋለሁ እንጂ! ጎረምሳ ሆነዋል።"

"የት አገኘኸው?"

"ሐይቁ ጋ። በእግራቸው ሽር ሽር እያሉ።"

"ምን ለብሶ ነበር?"

"ያን... ቡናማ ኮታቸውን።"

"ዱላ ይዟል?"

"የምን ዱላ! ዱላ ለሽማግሌ ነው አሉኝ።" ዋሲሁን የላይኛውን ጃኬት አወለቀ።

"ከየት ይመጣ ነበር?"

"ከቡሹሎ። ዘመድ ጠይቄ መጣሁ አሉ።"

"ያን ሁሉ መንገድ ከቡሹሎ በእግሩ?"

"በእግራቸው! አላልኩሽም? ከዚያ ዓሣ በላን። ሁለት ጥብስ ጨረሱ።"

"ጥርስ የለውም እኮ።"

"ሾርባውን ማለቴ ነው" አለና ሁለተኛውን ጃኬት አወለቀ።

እንዲህ እያለች ጠየቀችው። ሾርባው ሚጥሚጣ ነበረበት ወይ? አባዬ ሳቀ ወይ? ምን ብሎ ሳቀ? ዋሲሁን ውሸት የለመደ ነጋዴ ነው፣ ግን ውሸቱ ሁሉ የጫማ ውሸት ነው፤ "ንጹሕ ቆዳ ነው፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል" ከሚለው ርቆ ሄዶ አያውቅም። እናቴ አንዱን ስትጨርስ ሌላ ትጠይቀዋለች። ሦስተኛው ጃኬት ወለቀ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ ሰውዬው ሬሳ ሽር ሽር ያስኬዳል፣ ዓሣ ያበላል፣ ቀልድ ያናግራል።

"ስለ እኔ ምን አለህ?"

"ሙሉዬ እንዴት ናት አሉኝ።"

"ሙሉዬ ብሎ?"

"ሙሉዬ ብለው።"

"ጠርቶኝ ነበር?"

"ደህና ሰው ማንን ይጠራል፣ እቴ?"

እኔ ያኔ እናቴ ወግ የወደደች፣ ሆዷም የተሻላት መሰለኝ። አፍላ ወጣት በነበርኩበት ጊዜ ደግሞ ቅጣት ነው አልኩ፤ ያን ከንቱ ሰው በገዛ ውሸቱ ጠብሳዋለች ብዬ ኮራሁባት። አሁን ሁለቱንም አላምንም። ዋሲሁን እስከ ዋሸ ድረስ አባቷ ዱላ ሳይዝ ሐይቁ ዳር ይሄዳል፤ አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ልታስኬደው ፈልጋ ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። በክረምቱ መጀመሪያ እውነቱን አንድ ሰው ቢነግራት ኖሮ በሕይወት ያሉትን አባቷን አጠገባቸው ተቀምጣ ትጠይቅ ነበር።

አዲስ አበባ ስናርፍ መንገደኛው አጨበጨበ። አውሮፕላኑ ሳይቆም ሁሉም ተነስቶ ቴሌቪዥኑን ማውረድ ጀመረ። የዋሲሁን ወንድም በመኪና ይጠብቀን ነበር፤ እስከ ሐዋሳ እናቴ መንገዱን በመስኮት እያየች ሄደች። ዋሲሁን ጥያቄው በመቆሙ እግዜርን እያመሰገነ ተኛ። ከተማ ስንገባ ሾፌሩ ወደ ባህል አዳራሽ ሠፈር፣ ወደ ዋሲሁን ቤት ሊታጠፍ ሲል፣

"ወደ አባዬ ቤት ንዳው" አለችው።

"ሙሉመቤት፣ ደክሞሻል" አለ ዋሲሁን ብድግ ብሎ። "ሚስቴ ምሳ ሠርታለች። እዚያ ታርፉና ነገ—"

"ንዳው አልኩህ።"

ነዳው። ድንኳኗ በሩ ላይ ተተክላለች፤ ያችው ነጯ ድንኳን። እኔ መኪናው ሳይቆም በር ለመክፈት እየታገልኩ፣ "አላልኩሽም እማዬ!" አልኩ። ከውስጥ አንዲት ሴት አየችን፣ "ወየው!" ብላ ጮኸች፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ብድግ አለ። ሲጮሁ አየሁ፤ የሚስቅ ግን የለም። የዕድሩ ዳኛ አቶ ብርሃኑ እጃቸውን እያወራጩ ከፊት መጡና፣ "ኧረ እንዲህ አይደለም! ነገ ጠዋት ነበር እኮ! ማን ነው ያመጣት?" እያሉ ዋሲሁን ላይ አፈጠጡ። ለነገ ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው። እስኪሞቱ ድረስ ያ ንግግር እንዳመለጣቸው ይቆጫቸው ነበር።

አክስቴ እህተማርያም እናቴ አንገት ላይ ተጠምጥማ ሙሾዋን ታወርደው ጀመር፦

ሙሉዬ መጣች ወይ እያለ ሲጠራሽ፣
ተኝቷል እያልኩኝ በስልክ አታለልኩሽ።

ሴቶቹ ተቀብለው አለቀሱ። ግጥሙ አማረላቸው። እናቴ ግን እህቷን ከአንገቷ ላይ ቀስ ብላ አላቃ አየቻት። "ጠርቶኛል?" አለቻት። እህተማርያም ይበልጥ ጮኸች። እናቴ እንባ አልወጣትም። ወንበር ሰጧት፣ ተቀመጠች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሬት መሬት አየች። ከኋላዬ አንዷ ለአንዷ፣ "አየሻት? ቻይና ልቧን አድርቆታል፤ ለአባቷ ጠብ አይላትም" ስትል ሰማሁ። ሠፈሩ ይህን እስከ ዛሬ ያወራዋል።

በዚህ መሃል የዋሲሁን ስልክ ጮኸ። ሊዘጋው ሲል እናቴ ቁጥሩን አይታ ከእጁ ወሰደችውና "አቤት" አለች። አባቴ ነው። ከሩቅ አገር የሚደውል ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ይጮህ ስለነበር ሁላችንም ሰማነው። በዕቅዱ መሠረት ዋሲሁን ቤት ምሳ እየበላን መስሎታል።

"ሙሌ! እንዴት ገባችሁ? አባባ እንዴት ናቸው፣ ደህና ናቸው?"

ለቅሶው በአንድ ጊዜ ቆመ።

"ደህና ነው" አለች እናቴ።

"እ?"

"ደህና ነው አልኩህ፣ ጉልላት። እዚሁ ነው። ክፍሉ ጋደም ብሏል። ሰላም በይልኝ ብሎሃል።"

እናቴ ስልኩን ዘግታ ለዋሲሁን መለሰችለት። ዋሲሁን ጃኬቶቹን እንዳቀፈ የድንኳኑ ምሰሶ ሥር ቁጭ አለ።

እኔ እናቴን አመንኳት። ሰዎቹ ቢጮሁም፣ ጥቁር ቢለብሱም፣ ያን ሁሉ መንገድ አንዴም ያልዋሸችኝ እሷ ብቻ ናት። አባባ ክፍላቸው ጋደም ብለዋል ካለች ጋደም ብለዋል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጩኸት እንዴት ቻሉት ብዬ አዘንኩላቸው። በሴቶቹ ቀሚስ መሃል ሾልኬ ወደ ቤት ገባሁ፣ በኮሪደሩ ሮጬ በራቸውን ከፈትኩ።

መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወለሉ ታጥቧል። አልጋው ላይ ፍራሽ የለም፣ ሽቦው ብቻ ነው። ከደጅ ሰዎቹ ለቅሷቸውን እንደገና ጀመሩ። እኔ ሽቦውን ይዤ "አባባ" ብዬ ተጣራሁ።